ከዊንዶውስ ቆርሶ ለኡቡንቱ፦ ጂፓርትድ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ያገለገለ ላፕቶፕ ስገዛ ሻጩ ዊንዶውስ 10ንና ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት ጎን ለጎን ጭኖ ነበር ያስረከበኝ። 256 ጊጋባይት የተባለው ኤስኤስዲ ዲስክ ዊንዶውስ ውስጥ 238 ሆኖ ይነበባል፤ አምራቾች በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚያሰሉ እንጂ የጎደለ ነገር የለም። ቅር ያሰኘኝ አከፋፈሉ ነው። ለኡቡንቱ የደረሰው 40 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ኡቡንቱ ለዴስክቶፕ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን 25 ስለሆነ ለመነሻ ያህል ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራበት ሰው ግን ከወር አያልፍም። እኔ ደግሞ ዊንዶውስን የምከፍተው ፒችትሪ ለተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ብቻ ነው። ታዲያ ለምን አታጠፋውም የሚለኝ ሰው፣ እዚህ አገር የሒሳብ ሥራ ሠርቶ አያውቅም ማለት ነው።

ቦታውን ያስተካከልኩት በጂፓርትድ ነው፤ የዲስክ ክፍልፋዮችን (ፓርቲሽኖችን) የሚያሰፋ፣ የሚያሳንስና የሚያንቀሳቅስ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም። ኡቡንቱ ላይም ይጫናል፤ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ግን ከፍላሽ የሚነሣው ቅጂ ነው፤ ሊኑክስ ራሱ ቆሞበት የሚሠራውን ፓርቲሽን ከቦታው ማንቀሳቀስ አይቻልምና። የሚወርደው ፋይል ከ1 ጊጋባይት በታች ስለሆነ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰውም አይከብድም።

ከፍላሹ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ መጠናቀቅ ያለበት ሥራ አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። የዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ ሲ ድራይቭን እንዲያሳንስ ስጠይቀው፣ 90 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ እያለ ከጥቂት ጊጋባይት በላይ አልቆርጥም አለ። ምክንያቱ ከቦታቸው የማይነቃነቁ ፋይሎች ናቸው። አንዱ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ራሙ ላይ ያለው ሥራ የሚቀመጥበት የሃይበርኔሽን ፋይል ነው፤ እንደተለመደው ከራሙ 40 በመቶ ያህል ስለሚይዝ፣ 16 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ 6 ጊጋባይት ተኩል ገደማ ይበላል። ሌሎቹ ራም ሲጠብ የሚያግዘው የፔጅ ፋይልና ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰው ሲስተም ሪስቶር የሚያከማቻቸው ቅጂዎች ናቸው። ሃይበርኔሽንን ጨርሶ አጠፋሁት፤ ሁለቱን ደግሞ ለጊዜው ዘግቼ ኮምፒውተሩን እንደገና ካስነሣሁት በኋላ፣ እምቢ ያለው መሣሪያ 60 ጊጋባይት ያለ ክርክር ቆረጠልኝ። ከዚያ የፔጅ ፋይሉንና ሲስተም ሪስቶርን ወደነበሩበት መለስኩ።

ሃይበርኔሽን ሲጠፋ ፈጣን አነሣስ የተባለው ቅንብርም አብሮት ይጠፋል። ሁለት ሥርዓት ለጫነ ሰው ይህ ጥቅም እንጂ ኪሳራ አይደለም። ያ ቅንብር ሲኖር ዊንዶውስ የተዘጋ ይመስላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ስለዚህ ኡቡንቱ የሲ ድራይቭን ፋይሎች ቢያሳይ እንኳ መጻፍ አይፈቅድም። እኔ ዘንድ ይህ ችግር ከዚያ ወዲህ አልታየም። የዊንዶውስ ማመስጠሪያ የሆነው ቢትሎከር የበራበት ዲስክ ያለው ሰውም ማሳነሱን በዊንዶውስ ውስጥ ይጨርስ፤ ጂፓርትድ የተመሰጠረውን ፓርቲሽን መጠን አይቀይርም።

ፍላሹ ሲነሣ በጥቁር ስክሪን ላይ ስለ ኪቦርድና ቋንቋ ይጠይቃል፤ ኢንተር እየተጫኑ ማለፍ ይበቃል። ከዚያ ዲስኩ በአንድ ረጅም አግድም ሣጥን ተሥሎ ይመጣል፤ በየፓርቲሽኑ ውስጥ የተያዘው ቢጫ፣ ያልተያዘው ነጭ፣ ባለቤት የሌለው ቦታ ግራጫ ሆኖ። የእኔ ግራጫ ከሲ ድራይቭ ቀጥሎ ነበር። በእርሱና በኡቡንቱ መካከል ግን ዊንዶውስ ሲበላሽ የሚጠገንበት ሪከቨሪ ፓርቲሽን ቁጭ ብሏል። አጥር ማስፋት የሚቻለው ክፍት ቦታው ከግቢው ጋር ሲዋሰን ብቻ ነው፤ ዲስክም እንዲሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ሪከቨሪውን ወደ ግራ ገፋሁት፤ ቀጥዬ የኡቡንቱን መነሻ ወደ ግራ ሳብኩት። ሪከቨሪውን ከማንቀሳቀስ በፊት የጥገና አካባቢውን በዊንዶውስ ትእዛዝ መስኮት ማጥፋትና ኋላ መልሶ ማብራት ይገባል፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ አሮጌ አድራሻውን ይዞ ሊፈልገው ይችላል።

የፕሮግራሙን ጠባይ የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። የታዘዘውን ሁሉ ከታች በተራ ይደረድራል፤ ማጽደቂያው እስኪጫን ድረስ ዲስኩን አይነካም፤ ሐሳቡን የቀየረ ሰው አንድ በአንድ መሰረዝ ይችላል። ከጸደቀ በኋላ ግን መመለሻ የለም። መነሻውን ወደ ግራ ማምጣት ማለት በፓርቲሽኑ ላይ ያለውን ሁሉ ቀድቶ ማዛወር ነው፤ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ፋይሎቹ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ያለው ሰው ይህን ሥራ በዩፒኤስ ይሥራ፤ የሁሉም ፋይል ቅጂ ደግሞ ውጭ ዲስክ ላይ ይኑር። እኔ ግማሽ ሰዓት ያህል መስመሩ ሲሞላ እያየሁ ተቀመጥኩ፤ ደስ የሚል ግማሽ ሰዓት አልነበረም።

የፓርቲሽኑ መለያ ቁጥር ሲዛወር ስለማይቀየር፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁለቱ ሥርዓቶች የሚያስመርጠው ግሩብ ምንም ሳይነካ ተነሣ። ባዮስ የተባለው የቆየ ማስነሻ ባላቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ግን ግሩብን እንደገና መጫን ሊያስፈልግ ይችላል፤ የኡቡንቱ ፍላሽ በእጅ ይኑር።

ከወራት በኋላ 100 ጊጋባይት የሆነው ኡቡንቱ አሁንም ይተነፍሳል፤ ዊንዶውስም በቀረው 30 ባዶ ቦታ ማሻሻያዎቹን ያለ ቅሬታ ሲጭን ቆይቷል። ከትልቅ ማሻሻያ በኋላ የአሮጌው ዊንዶውስ ማህደር ቢቀመጥም ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ይጠፋል። ኋላ ላይ የደረስኩበት ደግሞ ይህ ነው፦ ኡቡንቱ ፋይሎቹን የሚያደራጅበት ኤክስት4 ፋይል ሲስተም ከመጠኑ 5 በመቶ ለዋናው አስተዳዳሪ ብሎ ያስቀምጣል። በ100 ጊጋባይት ላይ 5 ጊጋባይት ማለት ነው። በአንድ ትእዛዝ ወደ 1 በመቶ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ፓርቲሽን ማንቀሳቀስም ሆነ ፍላሽ አያሻም። ስናፕ በተባለው የኡቡንቱ መጫኛ የገቡ ፕሮግራሞች አሮጌ ቅጂዎችና የሲስተም መዝገቦችም እንዲሁ በቀላሉ ይጸዳሉ። ጠባብ ሊኑክስ ያለው ሰው ከእነዚህ ይጀምር፤ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ጂፓርትድን ጭራሽ ላይፈልገው ይችላል።

ሥራው ሲያልቅ ዝርዝሩን በፋይል አስቀምጥ የሚል ቁልፍ አለ። ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት፤ እያንዳንዱ ፓርቲሽን ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ በሴክተር (በዲስኩ ትንሿ ክፍል) ቁጥር ተጽፎበታል።