«ግማሽ» ማዘዝ የሚቻልበት ቤት፦ ስለ አንድ የጅማ ምግብ ቤት

ከሄርማታ መርካቶ ብዙም የማይርቀውን ይህን ምግብ ቤት፣ ቅሬታም ስላለኝ ስሙን ሳልጠቅስ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተመገብኩበት በኋላ ልገመግመው ወደድኩ። ስለ ወጥ ቤቱ ሙያ ብዙ የምለው የለኝም፤ ተጋቢኖው በሸክላው ውስጥ እየተንተከተከ ይቀርባል፣ ጥብሱ የጥብስ ቅጠል አልተነፈገውም፣ እንጀራውም ዓይናማ ነው። የሚያነጋግረኝ ከሦስቱ ቀናት በሁለቱ ከወሰንኩት በላይ በልቼ መውጣቴ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሲሆን፣ ገና ከበሩ «ጥቂት ቀምሼ እነሣለሁ» ብዬ ወስኜ ነበር። በጋራ ትሪ ላይ የአንዱን ድርሻ ከሌላው የሚለይ ወሰን ስለሌለ፣ ምን ያህል እንደበላሁ ያወቅኩት ከፊቴ ያለው እንጀራ አልቆ የትሪው ብረት ሲታይ ነው። አስተናጋጁ ደግሞ ሳይጠየቅ ጥቅል እንጀራ ያመጣል፤ ወጥ ተረፈ ሲባል እንጀራ፣ እንጀራ ተረፈ ሲባል ወጥ ይጨመራል። በዕድሜ ታላቃችን የሆኑት ባልደረባችን «በሞቴ» ብለው አጎረሱኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎም ሁለተኛው ተከተለ።

ሶቅራጥስ፣ ፕላቶ በ«ፕሮታጎራስ» እንዳቀረበው፣ ሰው የሚሻለውን እያወቀ የከፋውን አይመርጥም፣ የሚሳሳተው ባለማወቁ ነው ይል ነበር። እኔ ግን ያን ሁለተኛ ጉርሻ ስቀበል እንደሚከብደኝ በሚገባ አውቅ ነበር። አርስቶትል በ«ኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» ሰባተኛ መጽሐፍ ለእኔ ሁኔታ የበለጠ ይቀርባል፤ መብዛቱን ትክክል ነው ብሎ መርጦ የማይጸጸተውን ሆዳም፣ መመጠንን መርጦ ሳለ ራሱን መግዛት አቅቶት ከሚጸጸተው ሰው ይለየዋል። ይህንንም የኋለኛውን ሰው ለሁለት ይከፍለዋል፦ አስቦ ከወሰነ በኋላ የማይጸናና ጭራሹን ሳያስብ የሚጣደፍ። በትሪው ዙሪያ የተቀመጥኩት እኔ የመጀመሪያው ዓይነት ነበርኩ።

«ቀኑን ሙሉ ስሠራ ውዬ ፈቃዴ ደክሞ ነው» ማለትም ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ፣ ትኩስ ብስኩት ፊታቸው ተቀምጦ ራዲሽ የተባለውን ሥራ ሥር ብቻ እንዲበሉ የተነገራቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ የተሰጣቸውን ሊፈታ የማይችል እንቆቅልሽ ቶሎ እንደሚተዉ አሳይተው፣ ፈቃድ እንደ ጡንቻ ይዝላል የሚለውን ሐሳብ አስፋፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን 23 ቤተ ሙከራዎች ከ2,000 በሚበልጡ ተሳታፊዎች ላይ በሌላ ዘዴ ሐሳቡን ሲፈትሹት ያገኙት ውጤት ወደ ዜሮ የተጠጋ ነበር። ስለዚህ ሰበቡን ትቼ ትሪውን መጠርጠር ጀመርኩ።

ሁለተኛውን ቀን ብቻዬን ሄጄ የቤቱን ትልቁን በጎነት ያገኘሁትም በዚህ ጥርጣሬ ነው። በምግብ ዝርዝሩ ላይ ባይጻፍም «ግማሽ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ በትንሽ ሳህን፣ ያለ ጥቅል እንጀራ ይመጣል። ውሳኔው ያለቀው ገና ወጡ ሳይሸተኝ ስለነበረ ሳህኑ ላይ የምታገልበት ነገር አልቀረም፤ ጠግቤም ወጣሁ። ዋጋው ግን የሙሉው ሁለት ሦስተኛ መሆኑ ያሳዝናል፤ ብዙ ሰው «ትንሽ ጨምሬ ሙሉውን ልዘዝ» የሚለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በሦስተኛው ቀን «ግማሽ» በልቼ፣ በራሴም ኮርቼ፣ በባለ ሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ላይ ቡና ልጠጣ ተቀመጥኩ። ቡናው በዚህ ከተማ ከጠጣኋቸው ሁሉ የሚጣፍጥ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ስንጫወት ግን ፈንዲሻው ሁለት ጊዜ ተሞልቶ ሁለት ጊዜ አልቋል፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ፈንዲሻ አይወድም ነበር።