ለኤልክ አደን የትኛው ጥይት ይሻላል? እርሳስ ወይስ መዳብ

እዚህ ኮሎራዶ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ፈቃድ የወጣላቸው ጓደኞቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የትኛውን ጥይት ልግዛ?» እኔም ሁሌ የምመልሰው አንድ ነው። መዳቡን ግዙ።

በዋጋው እንጀምር። ለ.308 ወይም ለ.30-06 ጠመንጃ ተራው የእርሳስ ጥይት፣ 20 ፍሬ የያዘው ካርቶን፣ 30 ዶላር አካባቢ ይገኛል። እንደ ባርንስ ቲቲኤስኤክስ ያለው ሙሉ መዳብ ከ50 እስከ 60 ዶላር ነው። «እጥፍ እኮ ነው!» ይሉኛል። ልክ ነው። ግን አደን ላይ ስንት ጥይት ነው የሚተኮሰው? አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ግማሹ ካርቶን የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ለማስተካከል ቢሄድ እንኳ የቀረው ለዓመታት ይበቃል። በርካሹ ተለማመዱ። መነጽሩን የምታስተካክሉት ግን በመዳቡ ይሁን፤ ሁለቱ አንድ ቦታ አይመቱም። ለፈቃድ፣ ለቤንዚንና ለማረፊያ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣ ሰው በ25 ዶላር ሲከራከር አይገባኝም።

ልዩነቱ ፍርጥ ብሎ የሚታየው ሥጋው ላይ ነው። ተራው እርሳስ የትከሻ አጥንት ሲያገኝ ይፈረካከሳል። ቆዳው ሲገፈፍ ትከሻው በረጋ ደም ጠቁሮ ይገኛል፤ ያን ሁሉ ቆርጦ መጣል ነው። ደቃቁ ስባሪ ደግሞ ከቁስሉ ርቆ ይሄዳል፣ በዓይንም አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ለችግረኞች የተለገሰ የአጋዘን ሥጋ በኤክስሬይ ሲታይ ስባሪ ስለተገኘበት፣ እንዳይታደል የግዛቱ ጤና ቢሮ መክሮ ነበር። ክትፎም ሆነ ጥብስ፣ እርሳስ እሳት አይፈራም። ሥጋውን የሚበሉት ልጆቻችን ናቸው። ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ በእርሳስ ማደንን ጨርሶ ከልክላለች።

መዳቡ አይፈረካከስም። ከወዲያኛው ጎን ቆዳ ሥር ያወጣሁት አንድ ጥይት አለኝ፤ ጫፉ አራት ቦታ ተከፍሎ እንደ አበባ ፈክቷል፣ ክብደቱ ግን ያው ነው ማለት ይቻላል።

ችግር የለበትም አልልም። ፍጥነት ይፈልጋል፤ ርቀቱ ሲበዛ በደንብ አይከፈትም። ስለዚህ 180 ግሬኑን (ግሬን የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) ትታችሁ ቀለል ስለሚል ፈጠን የሚለውን 165 ወይም 150 ውሰዱ፣ ቀረብ ብላችሁም ተኩሱ። አንዳንድ ጠመንጃ ደግሞ አንዱን ዓይነት ጥይት አይወድም። መጀመሪያ አንድ ካርቶን ብቻ ገዝታችሁ ሞክሩ።

ከ1948 ጀምሮ ያለው ኖዝለር ፓርቲሽን ጎበዝ ጥይት ነው፤ እርሳሱ መሃሉ ላይ ግድግዳ ስላለው የኋላው ክፍል ሳይበተን ጠልቆ ይገባል። ግን ዋጋው ከመዳቡ አይወርድም፤ የፊተኛው እርሳስም ይበተናል። ታዲያ ለምን?

ከሁሉም የምፈራው በፌስታል የሚሸጠውን፣ ማን እንደሞላው የማይታወቀውን ጥይት ነው። አንድ ጓደኛዬ ርካሽ ነው ብሎ ገዛ። ቀለሁ ጠመንጃው ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ለማስወጣት የከፈለው ሁለት ካርቶን መዳብ ይገዛ ነበር። ለዒላማ የሚሸጠው፣ አፍንጫው ድፍን የሆነው ርካሽ ጥይትም ለኤልክ አይሆንም፤ ሳይከፈት በስቶ ያልፍና እንስሳው ቆስሎ ይጠፋል። የኮሎራዶ ሕግም የሚከፈት፣ ለኤልክ ቢያንስ 85 ግሬን የሚመዝን ጥይት ይጠይቃል።

ጠመንጃችሁ የወደደውን ካወቃችሁ በኋላ፣ የሎት ቁጥራቸው አንድ የሆነ፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተ፣ ሁለት ካርቶን በአሜሪካ በጋ፣ ከአደኑ ወቅት ቀደም ብላችሁ ግዙ። ጥቅምት ሲደርስ መደርደሪያው ባዶ ነው።