ስሟ ፊት፣ ጉዷ ኋላ

ሻጩ ጎማዎቹን አሳየኝ። ቸርኬው አዲስ መሆኑን ነገረኝ። ሬዲዮውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ኮፈኑን አንስቶ ሞተሩ እንዴት እንደሚያበራ አስመለከተኝ። ጠዋት ታጥቦ ነው፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የኋላ መቀመጫውን ግን አልነካውም። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ይቺ ለብቻሽ ትሆንሻለች። ለቤተሰብ ግን ትጠባለች። በስድስት ወር ውስጥ ከፍ ያለ መኪና ፍለጋ ተመልሰሽ ትመጫለሽ።»

ይኸው 11 ወር ሞላኝ። አልተመለስኩም። አንድ ቀን ግን የመመለስ ሐሳብ አለኝ። ልገዛ አይደለም፤ መቀመጫውን ላሳየው።

መኪናዋ ሆንዳ ፊት ናት፤ አውሮፓ ውስጥ ጃዝ የሚሏት። በ2001 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ከወጣው ከመጀመሪያው ትውልድ፣ ባለ 1300 ሲሲዋ። ርዝመቷ ከ4 ሜትር በታች ነው። እኛ አራት ነን፦ ባለቤቴ፣ የ8 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የ3 ዓመት ሴት ልጃችን እና እኔ። በየሁለት ሳምንቱ አማቴ ይጨመራሉ፣ አምስት እንሆናለን። ስሟን በአማርኛ ስትጠሩት ደግሞ ያስቃል። ፊት ተብላ ጉዷ ያለው ኋላዋ ላይ ነው።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብዙ የምለው የለም። ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ነዳጅ አትጠጣም። የኋላ መደገፊያው እንደሚታጠፍ አውቅ ነበር፤ የሁሉም ሀችባክ፣ ማለትም ኋላው ሙሉ በሙሉ እንደ በር የሚከፈት መኪና፣ ይታጠፋል። ከዚያ ያለፈ ነገር አልጠበቅኩም።

በአራተኛው ወር የሴት ልጄ አንድ እግር ጫማ ጠፋ። መኪና ውስጥ ገብታ አውልቃዋለች፣ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። እጄን መቀመጫው ሥር ሰድጄ ስዳብስ ባዶ ቦታ አገኘሁ። ከጠበቅኩት በላይ ሰፊ ነው። በደንብ ለማየት የመቀመጫውን ጫፍ ይዤ ወደ ላይ ሳብኩት። ተነሳ። ሙሉ በሙሉ ተነስቶ መደገፊያው ላይ ተለጥፎ «ቀጭ» አለ። ሰበርኩት ብዬ ደርቄ ቀረሁ። ባለቤቴን ጠራሁት። እሱም ዝም ብሎ አየው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የመቀመጫውን እግር አጠፈው፤ እግሩ ቦታውን አውቆ ገባ። ስንመልሰው ተመለሰ። ስናነሳው ተነሳ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ልጅ ስናነሳና ስንጥል ቆየን። ጫማው እዚያው ሥር ነበር፣ ትዝ ያለን ግን በማግስቱ ነው።

ምስጢሩን በኋላ ነው ያወቅኩት። አብዛኞቹ መኪኖች የነዳጅ ታንካቸው ከኋላ መቀመጫው ሥር ነው። ስለዚህ መቀመጫው የትም አይሄድም፤ ከሥሩ ታንክ ተኝቷል። የዚህችኛዋ ታንክ ግን ከፊት መቀመጫዎቹ ሥር ነው። እኔ የተቀመጥኩበት ማለት ነው። 42 ሊትር ነዳጅ ላይ ተቀምጬ ስነዳ ከርሜ አላወቅኩም። በዚህ የተነሳ ኋላ ያለው ወለል ዝቅ ብሎ ባዶ ቀርቷል። መደገፊያውን ወደ ፊት ስትጥሉት መቀመጫው ራሱ ወደዚያ ባዶ ቦታ ይሰምጣል፣ ወለሉ ዳር እስከ ዳር ለጥ ይላል። መቀመጫውን ብቻ ወደ ላይ ስታነሱት ደግሞ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ከ1.2 ሜትር በላይ ክፍት ቦታ ታገኛላችሁ። በኋላ በር በኩል ገብቶ ቀጥ ብሎ የሚቆም ቦታ።

ይሄ «ቀጥ ብሎ የሚቆም» የሚለው ነገር ነው ሕይወቴን የለወጠው። ትንሽ አጋነንኩ መሰለኝ። ግን የደረቴን ያህል የሚረዝም የሸክላ ተክል አስተኝቶ የወሰደ ሰው ይገባዋል። አፈሩ ይፈሳል፣ ቅጠሉ ይሰበራል፣ መኪናው ለአንድ ወር አፈር አፈር ይሸታል። አሁን ተክሉ እንደ ተሳፋሪ ቆሞ ይሄዳል። የታጠፈው የልጅ ጋሪ ቆሞ ይገባል፣ የኋላው ጭነት ቦታ ለሌላ ይተርፋል። ጎማው ጭቃ ከሆነም ጭቃው ወለል ላይ ነው እንጂ ጨርቁ ላይ አይደለም።

ከሁሉም የምወደው ግን ዝናብ ሲመጣ ነው። ሴት ልጄ ኩሬ ካየች አታልፍም። በፊት እርጥብ ልብሷን ለመቀየር ጭኔ ላይ አስተኝቼ እታገላት ነበር፤ እሷ ትራገጣለች፣ እኔ ጭንቅላቴን ጣሪያ ጋር አጋጫለሁ። አሁን መቀመጫውን አነሳለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ እሷ ቀጥ ብላ ቆማ ትለብሳለች። ትንሽ የልብስ መለኪያ ክፍል በሉት። ወንድ ልጄ እንኳ አንገቱን ትንሽ ሰበር አድርጎ ይቆምበታል።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ፤ አለና። የኋላው መቀመጫ የተከፈለው እኩል አይደለም። አንዱ ወገን ሰፊ ነው፣ ሁለት ሰው ይይዛል። ሌላው ጠባብ ነው፣ የአንድ ሰው። የልጅ ወንበር የታሰረበት ወገን ደግሞ አይነሳም። እኛ ሳናስበው የትንሿን ወንበር ጠባቡ ላይ አስረን ነበር። ስለዚህ የሚነሳልን ሰፊው ብቻ ነው። ሰፊው ሲነሳ ታላቅየው መቀመጫ የለውም። ተክል ሲገባ ልጅ ይወጣል! ባለቤቴ «ታዲያ ይሄ ሁሉ ጉራ ለምንድነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሳምንት ተኮራረፍን ማለት ይቻላል፣ በመቀመጫ ጉዳይ።

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ለመገለጥ ግን አምስት ወር ፈጀ። የትንሿን ወንበር ወደ ሰፊው ወገን፣ ወደ በሩ ዳር አዛወርነው። ታላቅየው በከፍ ማድረጊያው ላይ (ቀበቶው በትክክል እንዲይዘው ልጁን ከፍ የሚያደርግ ትንሽ መቀመጫ ነው) ሆኖ መሃል ተቀመጠ። ጠባቡ ወገን ነፃ ወጣ። ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ማንም አይፈናቀልም። ይጠባቸዋል? አዎ። ልጁ «እግሯን ላዬ ላይ ታሳርፋለች» እያለ ይከሳል፣ ክሱም እውነት ነው። ለአጭር መንገድ ግን ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ከፍ ማድረጊያ የሚሠራው ትከሻና ወገብ በሚይዝ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ነው። የኔዋ መሃሉም ላይ አላት። እናንተ የምታዩት መኪና መሃሉ ላይ ወገብ ብቻ የሚይዝ ቀበቶ ካለው ይሄን ዘዴ እርሱት። ልጅ ከዕቃ ይበልጣል።

ብስክሌትም አለ። የልጁን ብስክሌት ቆሞ እንዲገባ ከፈለግኩ ከበር እስከ በር በአግድም ነው የሚገባው፤ ሁለቱም ወገን መነሳት አለበት። ያኔ ኋላ የሚቀመጥ ሰው የለም። ብስክሌቱ ከመጣ ባለቤቱ ይቀራል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አድርጌዋለሁ፣ ለጥገና ስወስደው፣ ብቻዬን። ልጁ በር ላይ ቆሞ ብስክሌቱ በመስኮት እያየው ሲሄድ የነበረው ፊት አሁንም ያሳዝነኛል።

ሻጩ ግን አሁንም ጭንቅላቴ ውስጥ ያወራል። ዕቃ በጫንኩ ቁጥር ይመጣል። «ከፍ ያለ መኪና ብትገዢ ኖሮ...» ይለኛል። ወንድሜ፣ ከፍታውስ የታለ? ያ ከፍ ያልከው መኪና ከፍ ያለው ከመሬት ነው። ውስጡ ገብተህ የኋላውን ወለል እየው፤ አንተ የምታወራለት ቁመት ከጎማው በላይና ከመቀመጫው በታች ተበልቷል። ተክሌ እዚያ ውስጥ ይተኛል እንጂ አይቆምም። «የብቻ መኪና ናት» ይለኛል ደግሞ። በ2002 እ.ኤ.አ. በጃፓን ሽያጭ ለ33 ዓመት አንደኛ የነበረችውን ኮሮላን ከዙፋኗ ያወረደቻት ይቺው ናት። ያን ሁሉ የገዛው ወንደላጤ ብቻ ነው? ዝም ይላል። ጭንቅላቴ ውስጥ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማሸንፈው።

አማቴ ደግሞ ሳያውቁት የኔ ምስክር ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የዘመድ ከፍ ያለ መኪና ላይ ሲወጡ ሁለት ሰው ይደግፋቸዋል። ዝቅ ካለ መኪና ሲወርዱ ደግሞ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሰው ነው። እዚህችኛዋ ላይ ዞር ብለው ቁጭ ይላሉ፣ አለቀ። «ልጄ፣ ይቺ ወንበር ትመስላለች» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልፈልግም።

መንዳቷ? ደስ ትላለች። ክብደቷ አንድ ቶን አካባቢ ነው። ኩርባ ላይ መሪውን ስታዞሩት ወዲያው ትታጠፋለች፣ ሰውነቷን አትጎትትም። የትም ጠባብ ቦታ ገብታ ትቆማለች። ልጆቹን አድርሼ ብቻዬን ስመለስ ረጅሙን መንገድ የምመርጥበት ጊዜ አለ። ለባለቤቴ መንገዱ ተዘግቶ ነው እለዋለሁ።

በእርግጥ የተቆጨሁበት አንድ ቀን አለ። አምስት ሰው፣ ሻንጣ፣ ረጅም ዳገት፣ ሙቀት። እንደ ማንኛውም ባለ ትንሽ ሞተር መኪና፣ ያን ቀን ጮኸች እንጂ አልሄደችም። ነዳጁን እስከ ወለል ረግጬ የጭነት መኪና ቀደመኝ። ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ፤ ማዘኑ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። አየር ማቀዝቀዣውን አጠፋን፣ መስኮት ከፈትን፣ ከነፋሱ ጩኸት የተነሳ ማንም ማንንም አይሰማም። ያን ቀን ማታ ብትጠይቁኝ ሻጩ ልክ ነበር እላችሁ ነበር። ለሦስት ቀን ያህል ትልልቅ መኪኖች ሳይ አፈጥ ነበር። በአራተኛው ቀን ዘነበ፣ ልጅቷ ኩሬ ውስጥ ገባች፣ መቀመጫውን አነሳሁት። ቁጭቱ ጠፋ።

አንድ ነገር በመሃል። ካንዴላ፣ ሞተሩ ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ላስቀይር ስሄድ መካኒኩ «ስምንት ያስፈልጋል» አለኝ። ሲሊንደሩ አራት ነው። ሴት ናት ብሎ ሊበላኝ ነው ብዬ ተናደድኩ፣ ቁልፌን ተቀብዬ ልሄድ ነበር። ሰውዬው አልተቆጣም። ኮፈኑን ከፍቶ ቆጠረልኝ። የዚህ የ1300 ሲሲ ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ካንዴላ ነው ያለው። አራቱ ከፊት ይታያሉ፣ አራቱ ከኋላ ተደብቀዋል። የፊቶቹን ብቻ ቀይሮ የኋላዎቹን የሚተው ብዙ ነው አለኝ፤ ለመድረስ ስለሚያስቸግሩ። ይቅርታ ጠየቅኩት። እንደገና ኋላ! የዚህች መኪና ነገር ሁሉ ኋላ ነው።

የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ሬዲዮ ሲከፍትላችሁ ተዉት። ወደ ኋላ ሂዱና መቀመጫውን ራሳችሁ አንሱት። ሁለቱንም ወገን። እግሩ መታጠፉን፣ ወደ ላይ ሲሄድ «ቀጭ» ብሎ መያዙን፣ ሲመለስም ሳይነቃነቅ መቀመጡን እዩ። ከዚያ መደገፊያውን ጣሉት፣ ወለሉ ለጥ ማለቱን እዩ። የፊት ተሳፋሪውን መቀመጫም ወደ ኋላ አስተኙት፤ ከ2 ሜትር በላይ የሚረዝም እንጨት የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ሻጩ ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ ካልገባው አትንገሩት።

ባለፈው ሰው መኪና ውስጥ ሊፍት ተሰጠን። ሰፊ፣ ረጅም፣ አዲስ መኪና። ዝናብ መትቶን ነበር። ልጄ ገና እንደገባች የመቀመጫውን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ሳበች። አልተነሳም። ደግማ ሳበች። ባለመኪናው በመስተዋት ያያታል። እሷም ቀና ብላ አየችው።

«አጎቴ» አለችው በሐዘኔታ፣ «መኪናህ ተበላሽቷል።»