ጣና ለምትወጡ፦ መረቡን ያልቆረጠውን ባለጀልባ ያዙ

ባሕር ዳር ሰው ይዞ ጣና የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደሴቱ አያስቸግርም፣ የሚያስቸግረው ጀልባው ነው። ስለዚህ ደህና ሰው ሲገኝ ዝም ማለት ነውር ነው። ይህ ጽሑፍ አሥራ አንድ ሰው፣ ከነሱም ሦስት እናቶችና ሁለት ሕፃናት፣ በሰላም ወስዶ በሰላም ለመለሰ ባለጀልባ ምስጋና ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን። ስሜ አይጠራ ስላለ ቃሉን አክብረናል፤ ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቅ፣ ደስ ብሎን እንሰጣለን።

ከእሱ በፊት የያዝናቸውን ባለጀልቦችም ስም አንጠራም። ጥፋቱ ግን ይነገር፣ ሌላው ሰው ይጠንቀቅበት። አንዱ «ጠዋት 1 ሰዓት» ብሎ 4 ሰዓት ላይ ያስነሳል። ጣና ላይ ሦስት ሰዓት ማርፈድ ቀላል ነገር አይደለም። ሐይቁ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነሳበት ሞገዱ አጭርና ተከታታይ ይሆናል፤ ጀልባዋ ከአንዱ ሳታርፍ ሌላው ይመታታል፣ ውሃው በጎን ይገባል። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የወጣ ውሃው ረግቶ ይሄዳል፣ ሳይነሳበት ይመለሳል። 4 ሰዓት የወጣ መመለሻው ላይ ከነፋሱ ጋር ይገጥማል፤ ያኔ እናቶች ሲጮኹ መስማት ያማል።

ሌላው ለአሥራ ሁለት ሰው አምስት ላይፍ ጃኬት ይዞ መጣ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ማሰሪያቸው የተበጠሰ ነው። ሌላው ወደብ ላይ በተስማማበት ዋጋ ወጥቶ ሐይቁ መሐል «ነዳጅ ተወዷል» ብሎ ጨምሩ አለ። መሐል ላይ ማን ይከራከራል? ከሁሉ የመረረው ግን ክብራን ገብርኤል ዳር ላይ የሆነው ነው። ገዳሙ ሴት አይገባበትም፤ ባለጀልባው ይህን እያወቀ ሳይናገር ወስዶ፣ እናቶቹ ያለ ጥላ ጀልባ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ተመቱ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል፣ ማታ ግን ፊት ይላጣል።

ይኸኛው ሰው ከዋዜማው ደውሎ መጀመሪያ የጠየቀው «ሴቶች አሉ ወይ? ሕፃንስ?» ብሎ ነው። ከዚያ ጉዞውን ራሱ አስተካከለው። መጀመሪያ እናቶችንና እኅቶችን እንጦስ ኢየሱስ አወረደ፤ የሴቶች ገዳም ነው፣ ከክብራን ፊት ለፊት የሚታይ። ቀጥሎ ወንዶቹን ክብራን አደረሰ፣ ሲጨርሱ ሁሉንም ሰብስቦ ወደ ዘጌ። ማንም ፀሐይ ላይ አልተቀመጠም። ሕፃናቱን ጃኬት ካለበሰ በኋላ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሳብ አደረገው፤ ጃኬቱ ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፍቷል ማለት ነው፣ ውሃ ላይ ልጁ ሾልኮ ይወጣል። ለትንሿ ልጅ ሰፍቶ ስለነበር ቀየረላት። ነዳጁንም ለሦስት ይከፍለዋል፦ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ፣ አንዱ የማይነካ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከዘጌ ሲመለስ የሞተሩ ድምፅ በድንገት ወፈረ፣ ጀልባዋም ከበደች። ሌሎች ይህን ጊዜ ሞተሩን ያስጮኹታል። ያ ነው ጥፋቱ፤ ፕሮፔለሩ መረብ ይዞ ከሆነ የመረቡ ናይሎን ዘንጉ ላይ እየጠበቀ ሄዶ ዘይት የሚይዘውን ጎማ ይቆርጠዋል፣ ዘይቱ ይፈስሳል፣ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ ሐይቁ መሐል ቁጭ ነው። እሱ ድምፁ እንደተለወጠ አጠፋው። ረዳቱን በመቅዘፊያ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አስያዘው፤ ጎኗን ለሞገድ የሰጠች ጀልባ ትገለበጣለችና። ሞተሩን ወደ ላይ ሲያነሳው ፕሮፔለሩ ላይ ሰማያዊ የዓሣ መረብ ተጠምጥሟል። የመረብ ምልክቱ ከላይ የሚንሳፈፍ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ የዚህኛው ጠርሙስ ውሃ ገብቶት ሰምጧል።

ቢላዋ ወገቡ ላይ ነበር፤ አላወጣውም። ማርሹን ፈትቶ ፕሮፔለሩን በእጁ ወደ ኋላ፣ መረቡ ከተጠመጠመበት በተቃራኒ፣ እያዞረ በሌላው እጁ ክሩን ሳብ ሳብ አደረገው። አንድ ዙር ሲፈታ ግማሹ ተመልሶ ይያዛል፣ እንደገና ይጀምራል። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። አንድ ተሳፋሪ «ጋሼ፣ ቆርጠው ጥለውት እንሂድ» ቢለው «ልጄ፣ የሰው እንጀራ ነው» አለና ቀጠለ። መረቡ ሳይቀደድ ወጣ፤ ውስጡ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ነበሩ። ባለመረቡ በደንገል ታንኳው እየቀዘፈ ደረሰ፣ ፊቱ ተቆጥቷል። መረቡን ከነዓሣው ሲቀበል እያገላበጠ አየው፣ አየውና «እግዜር ይስጥህ አያ» አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ያዙት፣ ለወዳጅም ንገሩ።

ዘጌን በሚመለከት፦ ከወደቡ ኡራ ኪዳነ ምሕረት እንደ እግራችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው፣ መንገዱ በቡናው ጫካ ውስጥ ነው፤ ዘጌ በቃል ኪዳን በሬ የማይጠመድበት አገር ስለሆነ ነው ጫካው የቆየው። በክረምት ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ የሚይዝ ጫማ፣ ሲገቡ ቶሎ የሚወልቅ። እናቶች ነጠላ አይርሱ። ሥዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ እጅ አታስነኩ፣ በካሜራ መብራት አታንሱ። የገዳማቱ መግቢያ ከጀልባው ዋጋ ውጭ ለየብቻው ይከፈላል፣ ዝርዝር ብር ያዙ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ ጉማሬ ለማየት የሚጠይቁ አሉ፤ እሱ ይወስዳል፣ ግን ከሩቅ ነው የሚያሳየው፣ በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከልም አይገባም፤ ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደዚያ ስለሆነ። አቅርብ ብላችሁ አታስቸግሩት።

ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ የሚባሉት የደሴት ገዳማት ሩቅ ናቸው፣ ሙሉ ቀን ይወስዳሉ፤ ዳጋም ሴት አይገባም፣ ናርጋ ይገባሉ። ለዚያ በንጋት 12 ሰዓት መነሳት ግድ ነው። ሁለት ቀን ቀድማችሁ ደውሉ፤ የሰው ብዛት፣ የሴቶችና የሕፃናት ቁጥር ንገሩት፣ ጃኬቱን በዚያ ልክ ያዘጋጃል። ከሰዓት በኋላ ውሰደን ብላችሁ ብር ብትጨምሩለትም እምቢ ይላችኋል።