የገጠር ውኃ ግንባታ፦ በወረዳ ይመራ ወይስ በማኅበረሰብ?

የፊንላንድ መንግሥት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአማራ ክልል የገጠር ውኃ ሥራን ሲደግፍ ቆይቷል። ከዚህ ትብብር የወጣው በማኅበረሰብ የሚመራ አሠራር በወረዳ ከሚመራው ጎን ለጎን ስለሚሠራበት፣ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ዘወትር ይነሳል።

ገንዘብ፦ በወረዳ ሲመራ ግዥውንም ውሉንም የሚፈጽመው ወረዳው ነው። በማኅበረሰብ ሲመራ ግን ድጋፉ በገንዘብ ተቋም በኩል ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ይደርሳል፤ ሲሚንቶውን የሚገዛውም ግንበኛውን የሚቀጥረውም ራሱ ኮሚቴው ነው።

ጥገና፦ ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው። የአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ የውስጥ ጎማው ሲያልቅ እጀታው ደጋግሞ ቢነቀነቅም ውኃው ቶሎ አይወጣም። የሚለወጠው ዕቃ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ግንባታውን ከጅምሩ ራሱ ያስፈጸመ ኮሚቴ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ሲያውቅ፣ ተሠርቶ የተረከበ መንደር ግን የወረዳ ባለሙያ እስኪመጣ ሊጠብቅ ይችላል። በዚያ መካከል እናቶችና ልጃገረዶች እንስራና ጀሪካን ተሸክመው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ፤ ይህ በእጅጉ ሊያሳስበን ይገባል።

ስጋት፦ በወረዳ በኩል የግዥ መጓተት፤ በማኅበረሰብ በኩል የሂሳብ አያያዝ ሥልጠና ማነስ።

በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድና ለምንጭ ማጎልበት በማኅበረሰብ የሚመራው ይስማማል። ጥልቅ ጉድጓድ በሚያስፈልግበት ቆላ፣ ወይም አንድ የውኃ መስመር ብዙ ቀበሌዎችን በሚያዳርስበት ቦታ ግን፣ የመሐንዲስ ሥራው ከኮሚቴ አቅም በላይ ስለሚሆን ወረዳው ከክልሉ ውኃ ቢሮ ጋር ሆኖ ቢመራው ይመረጣል።