ጣርማበር ላይ ለደረሰችልኝ የመድን ወኪል

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ውስጥ የምትሠራ አንዲት የመድን ወኪልን ለማመስገን ነው። ካሣው እጄ ከገባ ሳምንት አልፎታል፤ ከዚህ በላይ ዝም ካልኩ ውለታ በል እሆናለሁ።

በሐምሌ እናቴን ለሕክምና ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን ይዤ ስወጣ ጣርማበር ላይ ጉም ወረደብን። የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ የራስን መኪና ኮፈን እንኳ ይሸፍናል። ዋሻው ጋ ሳንደርስ ቁልቁል የሚመጣ አይሱዙ ኩርባው ላይ መስመሩን ስቶ የመኪናዬን የግራ ፊት መታው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም።

ሹፌሩ ወርዶ «ወንድሜ፣ መንገድ አንዝጋ፤ ጥግ እናስይዝና እንስማማለን» አለኝ። እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያስቆመችኝ እሷ ናት። ስደውልላት አስቀድማ የጠየቀችኝ ስለ እናቴ ነው። ከዚያ «ትሪያንግሉን ራቅ አድርገህ አቁም፣ እናታችንን ከመንገዱ አርቃቸው። ትራፊክ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሳያነሳ ግን መኪናው ንቅንቅ እንዳይል» አለችኝ። «የመብራቱ ስባሪ የወደቀበትን፣ የጎማውን ምልክትና የአስፋልቱን መስመር አንድ ላይ ፎቶ አንሣ፤ ዝናብ ሳያጥበው!»

የመብራቱ ስባሪም፣ በግጭቱ ከመኪኖቹ ሥር የረገፈው ጭቃም በእኔ መስመር ላይ ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ በሜትር ለክቶ ፕላኑ ላይ ያሰፈረው ይህንኑ ነው።

ለምን እንዲያ እንደጨነቃት የገባኝ ከሁለት ቀን በኋላ ሹፌሩ ቃሉን ለውጦ «እሱ ነው የገባብኝ» ሲል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2084 መሠረት ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይገመታል፤ የጉዳቱም ድምር ለሁለት ይካፈላል። ግምቱ የሚፈርሰው ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሹፌር መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። የእኔ መድን ደግሞ የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው ላይ ያደረስኩትን ጉዳት እንጂ የራሴን መኪና አይሸፍንም። ግማሹን ከኪሴ ልከፍል ነበር ማለት ነው።

የአይሱዙው መድን ሰጪ «ግማሽ ውሰድ» ሲለኝ አብራኝ ሄደች። ፎቶውን ከፕላኑ ጎን ዘርግታ በጣቷ ነጭ መስመሩን እያሳየች «ስባሪው ያለው ከመስመሩ ወዲህ ነው። አይሱዙው እዚህ ምን ይሠራ ነበር?» አለቻቸው። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ኮፈኑ፣ ፓራውልቱና የግራ መብራቱ በጋራዡ ፕሮፎርማ ልክ ተከፈለኝ።

ከእኔ የምታገኘው የአንድ ሦስተኛ ወገን ውል ኮሚሽን ነው፤ እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አይደለም። ስለ ድካሟ ልክፈል ብላት «እናታችን ይመርቁኝ» ብላ እምቢ አለች። እናቴም ቆማ መረቀቻት፤ ጉልበቷን እያመማት።

ጫጫ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ባለመኪናዎች፣ መድናችሁን ስታድሱ እሷ ጋ እንድትሄዱ ከልቤ እመክራለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጃት ስልኳን እልክላችኋለሁ።