ብድር ልጠይቅ ሄጄ ደብተር ይዤ ተመለስኩ

እንዴት ሰነበታችሁ የጎጃም ልጆች። ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ዓመት አልፎኛል። ኔትወርክ ሲመጣ እኔ ወፍጮ ቤት ነኝ፣ እኔ ስመለስ ኔትወርኩ የለም። ዛሬ ግን ባለውለታዬን ሳላመሰግን ሌላ ጾም አይገባም ብዬ ቁጭ ብያለሁ።

ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ባልትና ነው የምሠራው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ጾም ሲቃረብ ደግሞ የተከካ አተርና ምስር። ማስታወቂያ እንዳይመስላችሁ የሱቄን ስም አልጠራም። የማመሰግናትን ልጅ ስምም አልጠራም፤ የከለከለችኝ እሷው ናት። «እትዬ፣ ስሜን ካነሱ ሰው ሁሉ እኔን ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ሌሎቹም እኮ ይሠራሉ» አለችኝ። ቢሮዋን ግን እናገራለሁ። «አንድ ማዕከል» የሚባለው፣ ትንንሽ ነጋዴዎችን የሚያግዘው የመንግሥት ቢሮ ነው። ጥቃቅንና አነስተኛ እያልን የምንጠራው፣ ብዙዎቻችን መደራጀትና ብድር ሲነሳ ብቻ ትዝ የሚለን ቤት።

ነገሩ የሆነው በ2013 ነው። ወፍጮ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። የበርበሬ ወፍጮ እንደ ጤፍ ወፍጮ አይደለም፤ ለብቻው ነው፣ ወረፋው ያሰለቻል፣ እያስነጠሳችሁ ስትጠብቁ መብራት ይጠፋና ማዳበሪያችሁን ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ። የራሴ ቢኖረኝ አልኩ። አብቁተ፣ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ማለት ነው፣ ያኔ ገና ጸደይ ባንክ አልሆነም። ለብድሩ የንግድ ዕቅድ አምጪ ተባልኩ። እኔ ዕቅድ የት አውቄ! አንድ ማዕከል ሂጂ፣ እዚያ ይሞሉልሻል አሉኝ። ልጅቷ ፎርሙን ሞልታ ትስጠኝና ልሂድ፣ ሐሳቤ ይሄው ብቻ ነበር።

ፎርሙን ገልብጣ አስቀመጠችውና «አንድ ኪሎ በርበሬ ስንት ያስወጣዎታል?» አለችኝ።

እኔም ደረቴን ነፍቼ «ዛላውን በ130 እገዛለሁ፣ አዘጋጅቼ 200 እሸጣለሁ፣ ሰባ ብር አተርፋለሁ» አልኩ።

አልሳቀችም። ቀጥሎ ዛላ የሚገባልኝ መቼ እንደሆነ ጠይቃ ያን ቀን ሱቄ መጣች። የመንግሥት ሠራተኛ ሱቅ ድረስ ሲመጣ ደግ ነገር አይታሰብም መቼም፤ ግብር ሊጨምሩብኝ ነው ብዬ ልቤ ዝቅ አለ። እሷ ግን የመጣችው ሚዛኔን ልታይ ነው።

ከቡሬ የመጣ ግማሽ ኩንታል ዛላ ነበረኝ። 50 ኪሎ፣ 6,500 ብር። መዝነን ጻፍን። ሁለት ሴቶች ቀነጠሱት፣ የነጣውንና የሻገተውን ለቀሙ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ተመልሳ መጣችና እንደገና መዘንን። 41 ኪሎ። ዘጠኙ ኪሎ የት ገባ? ጭራው ነው፣ የተለቀመው ነው፣ እርጥበቱ ነው። ዛላ እንዳይሰበር፣ ሚዛንም እንዲያነሳ ውሃ የሚረጩበት ነጋዴዎች እንዳሉ ባለባልትና ሁሉ ያውቃል፤ በብር ቆጥሬው ግን አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ኪሎ በ130 ሲመታ 1,170 ብር ነው። በየግማሽ ኩንታሉ!

ከዚያ ቅመሙ መጣ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ አዝሙድ፣ ጨው፣ ሁሉም ተደምሮ 1,700 ብር። የሁለቱ ሴቶች የሦስት ቀን አበል 600። ወፍጮ 250። ከቡሬ ማስጫኛና ማውረጃ 200። ፌስታልና መቋጠሪያ 150። እኔ ፌስታል ወጪ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ፌስታል ፌስታል ነው። ድምሩ 9,400 ብር። ተደልዞ፣ ቅመም ገብቶበት፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ የወጣው 45 ኪሎ ነው። ልጅቷ በስልኳ አካፈለችና ስልኩን ወደኔ አዞረችው። 208 ብር ከ88 ሳንቲም። እኔ የምሸጠው 200።

እንግዲህ ስንት ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ዘጠኝ ዘጠኝ ብር እየመረቅኩ ስሸጥ ኖሬአለሁ ማለት ነው። የእኔ ድካም አልተቆጠረም፣ የቤት ኪራይ አልተቆጠረም። አበስኩ ገበርኩ! ሱቁ እንዴት ቆመ ብትሉ ሽሮው ነው የተሸከመው። ሽሮው ያተርፋል፣ በርበሬው ይበላዋል፣ እኔ ደግሞ ሁሉንም ብር አንድ መሀረብ ውስጥ ስለምቋጥረው አላየሁም። የልጅ ደብተርም ከዚያው፣ የዕቁብም ከዚያው፣ የዛላም ከዚያው።

የዚያን ቀን ማታ አልተኛሁም፣ እውነቴን ነው። ባሌ «ሰው ይወድሻል፣ በርበሬሽ ያልቃል፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። ያልቃል እንጂ! በኪሳራ የሚሸጥ ነገር መቼ ሲያድር ታየ።

ልጅቷ ያደረገችልኝ ብዙ ነው፤ ትልቁ ግን ወፍጮውን ማስተዋቷ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የማስፈጨው። ወፍጮ ከገዛሁ ብድሩ በየወሩ ይመጣል፣ የወፍጮ ቤት ኪራይ አለ፣ መብራቱ የኔም ቤት ይጠፋል። «እትዬ፣ ከሚበደሩ ዋጋዎን ያስተካክሉ፣ ዛላውን በወቅቱ ይግዙ፣ ከዓመት በኋላ ወፍጮው ካማረዎት እኔው እሞላልዎታለሁ» አለችኝ። ብድር ልጠይቅ ሄጄ አትበደሪ የሚል የመንግሥት ቢሮ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጠመኝ።

ዋጋውን 245 አደረግኩት። የጠፉ ደንበኞች አሉ፣ አልዋሽም። አንዷ እንዲያውም «ሀብታም ሆንሽ አሉ» ብላኝ ሄዳ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰች። ዛላ ክረምት ላይ በችርቻሮ መግዛቴን ትቼ ከኅዳር እስከ ጥር፣ አዲሱ ምርት ሲገባና ዋጋው ሲረክስ፣ አቅሜ የቻለውን አስገባለሁ። መንገድ በሚዘጋባቸው ሳምንታት ያዳነኝም ይሄው ነው።

ደብተሩ ደግሞ አለ። ባለ 50 ሉክ፣ ተራ የተማሪ ደብተር። ገቢ፣ ወጪ፣ ዱቤ። ዱቤውን መጀመሪያ ስንደምረው 3,800 ብር ሰው እጅ ላይ ነበር፣ ግማሹ የዘመድ። ልጅቷ የቤቱን ብር ከሱቁ የምለይበት ሁለት ጣሳ አስያዘችኝ። ለራሴም ደመወዝ ቆረጠችልኝ፣ በወር። ለራስ ደመወዝ መክፈል መጀመሪያ ያስቃል። በኋላ ግን ከሱቁ ጣሳ ስኳር መግዣ ሳወጣ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ደብተሩ በግብርም ጠቅሞኛል። በ2009 የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ የነበረውን ጩኸት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ደረጃ ሐ ነበርን፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ማለት ነው፣ መዝገብ ያዙ የሚል ግዴታ አልነበረብንም። ግዴታ ስላልነበረብን ስንገመት መከራከሪያም አልነበረን። እንባ ብቻ። ደብተር ከያዝኩ በኋላ ሐምሌ ሲመጣ ቢያንስ የምናገረውን አውቃለሁ። (በ2017 አዋጁ ተሻሽሎ ደረጃዎቹ ሀ እና ለ ብቻ ሆነዋል፤ ስለዚህ በኔ ወሬ እንዳትሄዱ፣ እዚያው ቢሮ ጠይቁ።)

ሌላው በእሷ በኩል የመጡልኝ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች ናቸው። ኤክስቴንሽን የሚባለው ለገበሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን የሚባል አለ። አሠልጣኙ ሱቅህ፣ ወርክሾፕህ ድረስ ይመጣል። ካይዘን የሚባለውን የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ አስተማሩን፣ መጀመሪያ አምስቱን «ማ»፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። እንደኔ አስተያየት ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ የተሰጠው ግማሽ ቀን እንቅልፍ ያስይዛል፤ የብረታ ብረት ሥራ ፎቶ ለባለባልትና ምን ያደርጋል? ሱቄ መጥተው ያሳዩኝ ግን ወርቅ ነው። ማዳበሪያዎቼ መሬት ላይ ነበሩ፣ ግድግዳ ተደግፈው። እንጨት ርብራብ አሠርቼ ከመሬት አነሳሁ፣ ከግድግዳ አራቅኩ። ዛላው መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ ይሰጣል። እርጥበት ይዞት የሻገተ በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያበጅ እንደሚችል፣ መርዙ ከገባ ደግሞ መልሶ ፀሐይ ማስመታትም፣ ድስት ላይ ማቁላላትም እንደማያጠፋው የሰማሁት ከእነሱ ነው። እናቶቻችን የሻገተውን ለቅመው መጣላቸው ለካ ለመልኩ ብቻ አልነበረም። እኔ ዘመናዊ ነኝ ብዬ ሻጋታውን አራግፌ የደባለቅኩበት ጊዜ ነበር፤ ይቅር በሉኝ።

ጽሁፍ ያለበት ማሸጊያም ያኔ ጀመርኩ፣ ግማሽ ኪሎና አንድ ኪሎ፣ የተዘጋጀበት ቀን የተጻፈበት። የመጀመሪያውን አንድ ማተሚያ ቤት «በርብሬ» ብሎ አትሞ አምስት መቶ ፍሬ አስታቀፈኝ። እሱን በርካሽ ለጎረቤት ጨረስኩት። ፋሲካ ሲቃረብ በነበረው ባዛር ቦታ ያሰጡኝ እነሱው ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጡ ሰዎች ገዝተው ሄዱ፣ እስካሁን በመኪና የምልክላቸው አሉ።

ሁሉም አልጋ ባልጋ ነው እያልኩ አይደለም። ቢሮው ውስጥ ባለሙያ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ስትሄዱ «ስብሰባ ናቸው» ትባላላችሁ። አርብ ከሰዓት ባትለፉ ይሻላል። ፎርሙ ብዙ ነው። የኔዋን ልጅ የመሰለች ያጋጥማችኋል ብዬም አልምልም። ግን አገልግሎቱ በነፃ ነው፣ እጅ መንሻም አልተጠየቅኩም፣ ይሄን በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

የምትሄዱ ከሆነ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር ያዙ፣ ያላችሁን ደረሰኝ ሁሉ፣ ደረሰኝ ከሌለ የገዛችሁበትንና የሸጣችሁበትን ብጫቂ ወረቀት ላይም ቢሆን ጽፋችሁ። ብድር ስጡኝ ብላችሁ አትጀምሩ። «ሒሳቤን እዩልኝ» በሉ። ፀጉር ቤት ይሁን፣ እንጨት ሥራ ይሁን፣ ጠጅ ቤት ይሁን፣ ይሄን ስትሉ ፊታቸው ሲፈታ ታያላችሁ። እነሱም እኮ ቀኑን ሙሉ ብድር ብድር ሲባሉ ሰልችቷቸዋል።

ዛሬ ከእኔ ጋር አራት ሴቶች ይሠራሉ፣ ሁለቱ ቋሚ። ወፍጮውን እስካሁን አልገዛሁም። ሒሳቡን በየዓመቱ እሠራዋለሁ፣ አሁንም ማስፈጨቱ ይሻለኛል።

ልጅቷ ባለፈው ሰሞን ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች። ልትሰናበተኝ ስትመጣ ሁለት ኪሎ በርበሬ ቋጥሬ ሰጠኋት። አሻፈረኝ አለች። «የእናት ስጦታ ነው» ብላት «እትዬ፣ እንዳይጣሉኝ» ብላ ግማሽ ኪሎ ብቻ መዝኚልኝ አለቻት ሠራተኛዬን። እኔ ቡና እያፈላሁ ተኮሳትሬአለሁ። ብሩን ቆጥራ ስታስቀምጥ ቀና አለችና «ለመሆኑ ይሄኛው ኪሎው ስንት አስወጣዎት?» አለችኝ።

ደብተሩን ሳልገልጥ ነገርኳት፣ ከነሳንቲሙ።